የትርፌ ጉርሻ

ትርፌ ሰው ካላጎረሰች የበላች አይመስላትም። ወላሂ፣ በረመዳን ቀን ሱቄ ድረስ የሽሮ ጉርሻ ይዛ መጥታ፣ «ውይ! ለካ ጾም ላይ ነሽ!» ብላ ደንግጣ ታውቃለች። የመንግሥት ሠራተኞች ክበብ ውስጥ ወጥ ሠሪ ናት፤ ማታ ወደ ቤቷ ስትገባ የእኔን ሱቅ ሳትረግጥ አታልፍም። እኔ ፈይሩዛ አሰላ ከገባሁ ጀምሮ ጎረቤቴ ናት። እምቢ ያላትን ታኮርፋለች፣ የጎረሰላትን ትደግመዋለች። «በሞቴ!» ካለች በቃ፣ አፍ ከመክፈት ሌላ ምርጫ የለም።

ልጇ አንድ ነው፣ ሌዊ። በቆጂ ሄዶ ሩጫ ሲለማመድ ቆየና ጃፓን ያለ አንድ የፋብሪካ የሩጫ ቡድን ወሰደው። እዚያው ሃሩካ የምትባል ልጅ አገባ። ትርፌ ሠርጉን ያየችው በስልክ ነው። «አሁን ማን ያጎርሰዋል?» እያለች ታለቅሳለች። «ሚስት አለችው አይደል፣ ምን ያስለቅስሻል?» ብላት፣ «እነሱ እኮ አይጎራረሱም!» ብላ ጮኸችብኝ፣ እኔ የዳርኩት ይመስል።

አምና መጋቢት ላይ «እማዬ፣ ነይ» አላት። በእነሱ አገር ያን ጊዜ ዛፉ ሁሉ ያብባል፤ ሰው ዛፉ ሥር ሸራ አንጥፎ ምሳውን ይበላል። አበባው ብዙ አይቆይም፣ ቶሎ ይረግፋል አሉ። «ለሚረግፍ አበባ ይሄ ሁሉ አገር ይኬዳል?» ብዬ አሾፍኩባት። «ለአበባው መሰለሽ?» አለችኝ።

ሌዊ ሥርዓቱን በስልክ አስጠናት። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሾርባ ያለበት ፓስታቸው ሲበላ ድምፅ ማሰማት ነውር አይደለም። የሚበሉት በሁለት ቀጫጭን እንጨት ነው፤ እንጨቱን ሩዙ ላይ ሰክቶ መተው ግን ክልክል ነው። እሷም ከሱቄ ሁለት እስክሪብቶ አንስታ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ በእነሱ ቆሎ ስትለቅም ትውላለች። ቆሎው እየተፈናጠረ ደንበኞቼ ላይ ያርፋል። «ሱቄን ዶሮ ቤት አደረግሽው እኮ!» እላታለሁ። «ልጄን አላሳፍረውም!» ትለኛለች።

ሄዳ የሆነውን ስትመለስ ነገረችኝ። አበባው ሥር ከእነ ሃሩካ ቤተሰብ ጋር ተቀመጡ። ሁዳዴ ስለነበር፣ ሾርባው ሁሉ ዓሣ አለበት ሲሏት ሩዝና ስኳር ድንች ብቻ በላች። ቢሆንም ደስ ብሏታል። ደስ ካላት ደግሞ እጇ አያርፍም። በእጄ ባጎርስ ይጸየፉኛል ብላ፣ አስባበት፣ በዚያው በተማረችው እንጨት ድንቹን አነሳችና «በሞቴ!» ብላ ለምራቷ ዘረጋች። ሃሩካ እንዳታሳፍራት ብላ በራሷ እንጨት ልትቀበላት ስትል፣ እናቷ ደንግጣ የልጇን እጅ መታ አደረገች። ድንቹ ወደቀ።

ሲመለሱ ባቡር ውስጥ ሌዊ ነገራት። «እማዬ፣ እዚህ አገር ምግብ ከእንጨት ወደ እንጨት አይቀባበሉም። እንደዚያ የሚደረገው ሰው ሲሞት ነው። አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡ አጥንቱን በእንጨት እየተቀባበለ ማሰሮ ውስጥ ያስገባዋል።»

«በስመ አብ! ሰው ያቃጥላሉ?»

«በክብር ነው የሚያደርጉት፣ ወጋቸው ነው።»

«ለእነሱ ይሁንላቸው። አንተን ግን፣ ክፉ አይንካህና፣ እዚህ አልተውህም። ሸምግለህም ቢሆን የምታርፈው አሰላ ነው። ማልልኝ!»

ሌዊ ሳቀ። «እሺ እማ፣ እምላለሁ። ገና ልጅ እኮ ነኝ።»

ዘንድሮ በጥር፣ ልምምድ ላይ እንዳለ፣ በረዶ ያንሸራተተው መኪና ገጨው።

መርዶውን ያረዳናት እኛው ጎረቤቶቿ ነን። ስትጮህ ቆይታ ድንገት ተነሳች። «ልጄን ላመጣ ነው» አለች። ቡድኑ ጉዞውን አመቻቸላት። ስትደርስ ግን የሚቃጠልበት ቀን ተቆርጦ ጠበቃት። «ሬሳውን ስጡኝ፣ ምሎልኛል» ብትል፣ አስተርጓሚው «ውሳኔው የሚስቱ ነው» አላት። ትርፌ ሃሩካ እግር ላይ ወደቀች። ሃሩካም አብራት ወደቀች። ልጅቷም «ከእኔ አታርቁት» እያለች ነው የምታለቅሰው። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ሰው፤ ለማን ይፈረድ? እኔ ለትርፌ እፈርዳለሁ! ማን አረገዘው፣ ማን አጠባው? ግን ማን ጠየቀኝ።

ሃሩካ ያለችው ሆነ፣ አቃጠሉት። ትርፌ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ ፎቶውን መሐል አድርገን አለቀስን።

ከአርባው በኋላ አንድ ከሰዓት መጥታ ደጃፌ ላይ ተቀመጠች። ሳልጠይቃት ጀመረች።

«እንጨት ሰጡኝ፣ ፈይሩዛ። እምቢ ልል ነበር። ግን ልጄን ባዕድ ሲያነሳው ቆሜ ልይ? ሃሩካ አጥንቱን አነሳችና ወደ እኔ ዘረጋች። አሁን የሚቆጣት የለም። ተቀበልኳት። ያን ሁሉ ቆሎ ለቅሜ የለ? አንዱም አልወደቀብኝም።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ማሰሮው አፍ ላይ ሳደርሰው... እጄ ለምዶበት... ‹በሞቴ› አልኩት።»

ያ ረቢ! አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት አለቀስኩ። ደንበኛ መጥቶ ቢጣራ «ዝግ ነው!» ብዬ ጮኽኩበት።

አሁንም ከክበቡ ስትመለስ በሱቄ ታልፋለች። ሰላም ትለኛለች፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደያዘች። ከዚያ ወዲህ ማንንም አጉርሳ አታውቅም። አላህ ይቅር ይበለኝና፣ በረመዳን ቀንም ቢሆን ይዛ ብትመጣ አፌን እከፍትላት ነበር።