የእማማ ማርግሬት ገንዳ ውስጥ የገባሁ ዕለት

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይታጠቡ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጣና ዳር እምቦጭ ሲነቅሉ ውለው መግባታቸው ነው። እምቦጭ ለማታውቁት፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ሐይቁን ግን ያለብሰዋል፣ ዓሣውን ያፍናል፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ግጦሹን ይወርሳል። የእኛ የፎገራው ቀበሌ የቁሐር ሚካኤል ከብቶች በበጋ የሚሰማሩበት የሐይቅ ዳር ሣር ዓይናችን እያየ በእሱ ተበላ። ላሞቹ ርቧቸው ሲቀምሱት ያስቀምጣቸዋል። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ቀበሌው ለዘመቻ ይጠራናል፤ ወንዱም ሴቱም ቄሱም ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይነቅላል። እኔም ለአቅመ ሥራ ከደረስኩ ጀምሮ አንድም ዘመቻ ቀርቼ አላውቅም።

አባቴ ከዘመቻ ሲመለሱ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ይቀላል፣ ያሳክካቸዋልም። ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውኃው ውስጥ ብነከር ይተወኝ ነበር ይላሉ፤ አይሄዱም፣ ሥራ አይለቃቸውም። መሄዴን ያውቃሉ። ዘመኑ ጎረምሳ ቤቱ የማያድርበት ዘመን ስለነበር ተው አላሉኝም። እግራቸውን በነጠላቸው እያደረቁ ቀና ሳይሉ፣ “የትም ግባ፣ ሠርተህ ብላ” አሉኝ። ሌላ ምክር አልሰጡኝም። ጉልበታቸውን ስሜ ወረታ ወርጄ የጎንደር መኪና ላይ ወጣሁ።

የመተማውን፣ የሱዳኑን፣ የሊቢያውን፣ የባሕሩን ነገር ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ያላለፋችሁበት ባታውቁት ይሻላል። እንግሊዝ ገባሁ ልበላችሁና ልለፈው። ጉዳዬን የያዘው ሹም በአስተርጓሚ ሥራህ ምን ነበር አለኝ። ገበሬ ነኝ አልኩ። ምን ታመርታለህ አለኝ። ሩዝ አልኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ኢትዮጵያ ውስጥ ሩዝ አይበቅልም አለኝ። ፎገራ ላይ ይበቅላል ብዬ ስለ አዘራሩ፣ ስለ አረሙ፣ ስለ አጨዳው፣ ሜዳው በክረምት እንዴት ባሕር እንደሚመስል ሁሉ ነገርኩት። እሱ እያዛጋ ጻፈ። በመጨረሻ፣ “እና ይህን ያህል ሩዝ ካላችሁ ለምን መጣህ?” አለኝ። ሲፈልግ የለም፣ ሲፈልግ ይበዛል። ውሳኔውን ጠብቅ፣ እስከዚያው መሥራት ክልክል ነው ተባልኩ።

የእኔ ስደት ከባሕሩ ይልቅ እዚህ ላይ ነው የከበደኝ። መሥራት ክልክል ነው! የአባቴ ልጅ ተቀምጦ ሊቀለብ ማለት ነው። ያስጠጉኝ ባልቴት ማርግሬት ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የራቁባቸው፣ ትርፍ ክፍል ያላቸው ሴት ናቸው። ማርግሬት በለኝ ቢሉኝ አፌ እምቢ አለ፤ እናቴን የሚያህሉ ሴት በባዶ ስማቸው እንዴት እጠራለሁ? እማማ ማርግሬት አልኳቸው፣ እሳቸውም ወደዱት። ደግ ናቸው። ሩዝ እንደምወድ ሰምተው በወተትና በስኳር ቀቅለው አቀረቡልኝ። እኛ ሩዙን ከጤፍ ቀላቅለን እንጀራ የምናደርገው ሰዎች፣ ሩዝ እንደ ሕፃን ምግብ በስኳር! እየተናነቀኝ ዋጥኩትና ጣፋጭ ነው አልኩ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ደገሙኝ። ሳህኑ በቀረበልኝ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ቤቱን ልጥረግ ስል መጥረጊያው በኤሌክትሪክ ነው፤ ዕቃ ልጠብ ስል ማሽን አለ። አባቴ በደወልኩ ቁጥር “ሥራ ያዝክ?” ይሉኛል። እኔም የወሬውን አቅጣጫ ወደ ከብቶቹ እመልሰዋለሁ።

ሐምሌ ላይ እማማ ማርግሬት አንድ ተስፋ ይዘውልኝ መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ በጥንት ዘመን የአንድ ባላባት የነበረ የአትክልት ቦታ አለ። ባለቤቶቹ ደኽይተው ጥለውት እሾህና ቁጥቋጦ ውጦት የኖረውን፣ እሳቸውና ጓደኞቻቸው በነፃ እየሠሩ ጥንት እንደነበረው መልሰው አቀኑት። እዚያ ቮለንቲር ሆኖ በነፃ መሥራት አልተከለከለም። ለዋናው አትክልተኛ ነግሬልሃለሁ፣ ቅዳሜ እንሄዳለን፣ አይቶህ ከወደደህ ይወስድሃል አሉኝ። ደመወዝ የለውም፤ እኔ ግን ለአባቴ የምነግረው ሥራ አገኘሁ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ቅዳሜ ጸሐይ ነበር፤ እዚህ አገር ጸሐይ ከወጣ ሰው ሁሉ ልብሱን እየጣለ ይወጣል። ቦታው በቀይ ጡብ ግንብ የታጠረ ነው። የፍሬ ዛፎቹን ቅርንጫፋቸውን እየዘረጉ ግንቡ ላይ አስረዋቸዋል፣ ልክ እንደ ተሰጣ ቆዳ። ሣሩ እንደ ጸጉር ተስተካክሏል፤ አንድ ጥጃ እንኳ አይነካውም። ይህ ሁሉ ግጦሽ ለዓይን ብቻ! እማማ ማርግሬት እያንዳንዱን እያሳዩኝ ድሮ እዚህ ጋ የእሾህ ጫካ ነበር፣ ይህን መንገድ በእጃችን ቆፍረን ነው ያገኘነው ይላሉ። ኩራታቸው ደስ አለኝ። ዋናውን አትክልተኛ ኮሊንን ልጥራው፣ ሻይም ይዤ ልምጣ፣ አንተ እዚህ ቆየኝ ብለው አንድ ትልቅ የመስታወት ቤት ውስጥ ትተውኝ ሄዱ።

ውስጡ ይሞቃል፣ እንደ ወንዛዬ ይተናል። መሐሉ ላይ ሰፊ የድንጋይ ገንዳ አለ። ገንዳው ላይ አየሁት። አንገቱ ያበጠው፣ ሐምራዊ አበባው የቆመው፣ ያ ጠላታችን። ልቤ ደነገጠ። እዚህም ደረሰ አልኩ። እነዚህ የዋህ ሰዎች ምን እንደገባባቸው አያውቁም፤ ዛሬ ይህች ገንዳ፣ ነገ ወንዙ፣ ከነገ ወዲያ ያ ሁሉ ሣር። ደግሞም፣ አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። በዚህ አገር እጄ የሚያውቀውን ሥራ አገኘሁ።

ጫማዬን አወለቅሁ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። እምቦጭ አነቃቀል አለው። ቢበጠስ የቀረው ቁራጭ መልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ ከሥር በሁለት እጅ አቅፎ ማንሳት፣ ውኃውን ማራገፍ፣ ከዳር አርቆ መከመር ነው። ዘመቻ ላይ የምንለውን ሆታ ለብቻዬ በለሆሳስ እያልኩ ነቀልኩት። በላብ ታጠብኩ። ገንዳው ንጹሕ ውኃ ሆኖ ሰማዩ ሲታይበት፣ ክምሩን ከበሩ አጠገብ ደልድዬ፣ ልክ እንደ አባቴ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

እማማ ማርግሬት በሁለት እጃቸው ሻይ ይዘው ገቡ። ኮሊን ጺማሙ ከኋላቸው ነው። “ጨረስኩት” አልኳቸው እየሳቅሁ። “አንድም ሥር አላስቀረሁም።”

እማማ ማርግሬት ሻዩን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ከክምሩ ላይ አንዷን አንስተው አበባዋን ቀና አደረጉ።

“ከአንዲት ቁራጭ ነው ያሳደግኋቸው” አሉ። “ባሌ በሞተ ዓመት ነው የጀመርኩት።”

ኮሊን አስረዳኝ። ባላባቱ የሞቃት አገር ተክል ወዳጅ ነበር፤ ጥንት እዚህ ገንዳ ውስጥ ይህ አበባ ነበረበት፤ ቦታው እንደ ጥንቱ ሲታደስ እሱም ተመለሰ። አደገኛ መሆኑን እናውቃለን አለኝ፤ ከዚህ በር አይወጣም፣ በመንግሥት ፈቃድ ነው የተቀመጠው። ፈቃድ ያለው አበባው ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አዎ አለኝ። እምቦጭ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቷል፤ እኔ ገና እየጠበቅሁ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እግሬ እየተንጠባጠበ፣ ሱሪዬ ጭቃ ሆኖ፣ ያበሉኝን ሴት ሐዘን ማስረሻ ከምሬ ቆሜያለሁ። ስለ ጣና ልነግራቸው ሞከርኩ፤ እንግሊዝኛዬ ከዳኝና “ሶሪ” ብቻ ወጣኝ። ከዚያ ሌላ ማድረግ የምችለው ስላልነበረ መልሼ ገንዳው ውስጥ ገባሁ። አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ ሥሩ እንዳይጎዳ እየተጠነቀቅሁ፣ ውኃው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። የፎገራ ሰው፣ በገዛ እጄ፣ እምቦጭ ተከልኩ። በእማማ ማርግሬት ፊት ካፈርኩት ይልቅ ያን ጊዜ ያፈርኩት ባሰኝ፤ አባቴ ከበሩ ቆመው የሚያዩኝ መሰለኝ።

በመኪና ስንመለስ ከቤታቸው የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ልንደርስ ስንል፣ “ኮሊን ማክሰኞ ና ብሎሃል” አሉኝ። “ገንዳውን እኔ እንግዲህ አልችለውም፣ አርጅቻለሁ። አንተ ትይዘዋለህ።”

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ሥራ ነው።

አሁን ጥቅምት ነው። ውጭው በርዷል፣ እምቦጭ ብርድ አይችልም። ጠዋት ጠዋት ማሞቂያውን ከፍ አደርጋለሁ፣ የደረቀ ቅጠሉን እለቅማለሁ፣ ውኃው እንዳይቀዘቅዝ እጄን ነክሬ አያለሁ። ለምልሟል። እማማ ማርግሬት እሑድ እሑድ እየመጡ ያዩታል፣ ደስ ይላቸዋል።

ትናንት ለአባቴ ደወልኩ። ከነገ ጀምሮ ዘመቻ እንደሚወጡ ነገሩኝ። ዘንድሮ ወፍራም ሆኖ ነው የመጣው፣ ጉልበቴም ደክሟል አሉ። ወንዛዬ እንዴት ሆነ ብላቸው፣ ከዘመቻው በኋላ አሉኝ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሥራ ያዝክ አሉኝ።

“ይዣለሁ አባዬ። አትክልት ቦታ ነው።”

“ተመስገን። ምን ትተክላለህ?”

ከኋላቸው የላም ድምፅ ይሰማል።

“አበባ” አልኳቸው።

“የምን አበባ?”

“አያውቁትም አባዬ፤ የዚህ አገር ነው።”

አባቴ ፈገግ ማለታቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል። “ይሁን፣ ሠርተህ መብላትህ ነው። እግዚአብሔር እጅህ ላይ ያለምልምልህ፣ ልጄ፤ ያብዛልህ።”

ምረቃ ነውና ዝም አይባልም። አሜን አልኩ።