በወንዙ ዳር የተገኘው መቃብር

ከአዲስ አበባ አሰላ የመጡ አንድ ሹም፣ በወንዙ ዳር ያለውን ጥንታዊ ነገር ካሳየኋቸው በላንድሮቨራቸው እስከ ሮቤ ሊያደርሱኝ ቃል ገቡልኝ። እኔ ደግሞ በዘመኔ መኪና ላይ ወጥቼ አላውቅም። ጣሊያን የሠራውን ድልድይ ባሳያቸው «ይኸማ የትናንት ነው» አሉ። የውሃ ወፍጮውንም ናቁት። መኪናዋ ልታመልጠኝ ስትል አንድ ትልቅ ድንጋይ አየሁ።

«ይኸ የጀግና መቃብር ነው፤ በአንድ ጦር ሰባት አንበሳ ደርድሮ የወጋ» አልኳቸው።

«ስሙ ማን ይባላል?»

ስም ከየት ላምጣ? የራሴን ሰጠኋቸው። «በዳሶ ይባላል፣ ጌታዬ።»

ሹሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ። በእኛ አገር ልቅሶ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነውና፣ ወደ ሲሬ የሚመለሱ ገበያተኞች ከበቅሏቸው ወርደው «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ።

«በዳሶ» አሉ ሹሙ በሐዘን።

ወዲያው ደረት ተደቃ፤ «ወይኔ በዳሶ» እየተባለ ተራራው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ከታች ልብስ ታጥብ የነበረችው ሚስቴ ስሜን ሰምታ ፀጉሯን እየነጨች ደረሰች። እኔን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ወደ አልቃሾቹ ዞረች።

«ልቅሶውን እንዳታቋርጡ፤ ሟቹ ገና አሁን ነው የሚሞተው» አለቻቸው።