እማማ ዘይነባ የቀቧቸው ዳክዬዎች

ባለፈው እሑድ አራስ ልንጠይቅ ሺንሺቾ ሄደን ነበር። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። ቡላው በቅቤ ርሶ ቀረበልን፤ ጨዋታው ደመቀ። መሃል ላይ አማቷ ጣታቸውን ቅቤ አስነክተው ወደ ሕፃኑ አናት ሲዘረጉ ጓደኛዬ ቀና ብላ «ምን ልበል?» በሚል ዓይን አየችኝ። ሁለቱ እጆቼ ጉልበቴ ላይ ተጨብጠው ነበር። ሕፃኑ ተመችቶት እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ያሰብኩት ስለ ሕፃኑ አልነበረም። ስለ ዳክዬዎች ነበር።

ነገሩ የሆነው ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ፣ ሆሳዕና ወላጆቼ ቤት ሥራ በምጠብቅበት ጊዜ ነው። «ሥራ ያዝሽ?» የሚለኝን ሰው ስለምፈራ ቀኑን የማሳልፈው ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ነበር። ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ከሾኔም ከሀቢቾም ቅቤ ያመጣሉ፤ መንገድ ላይ ከመታየታቸው በፊት ሽታቸው ይደርሳል። አንድ ቀን ሚኒባስ የሚነዳው ልጃቸው ከሐዋሳ በገለባ የታጨቀ ካርቶን ይዞላቸው መጣ። የዳክዬ ዕንቁላል ነው። በአንድ ክንዳቸው ካርቶኑን፣ በሌላው አንዲት ቀይ ዶሮ አቅፈው ወደ እኛ ግቢ ገቡ።

«ትዕግሥት፣ ይቺ ዶሮ መታቀፍ አምሯት አላስቀምጥ ብላኛለች። እኔ ገበያ ለገበያ ነኝ። አንቺ ተምረሻል፣ ደግሞም ቁጭ ብለሻል። አስፈልፍይልኝና ግማሹ ያንቺ ይሁን።»

«ቁጭ ብለሻል» የምትለዋ ቃል ወጋችኝ። ቢሆንም «እሺ እማማ» አልኩ። ለታላላቆቼ ከእሺ ሌላ መልስ አላውቅም ነበር።

መንገዱ ጎርባጣ ስለነበር፣ እንዲረጉ ብዬ ዕንቁላሎቹን ሹል ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጌ አሳደርኳቸው። በማግስቱ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጎጆ ሠርቼ ዶሮዋን አስታቀፍኳት። እማማ ዘይነባ ነጎድጓድ ዕንቁላሉን እንዳያበላሸው ብለው ከጎጆው ሥር ምስማር ሻጡበት። እንዳሉት ተውኩት። ምስማሩ ማንንም አይጎዳም።

ሦስት ሳምንት ሲያልፍ እናቴ አፍንጫዋን መያዝ ጀመረች። ዶሮ በሦስት ሳምንት እንደምታስፈለፍል ሁሉም ያውቃል። «ይኼ ገምቷል፤ ሳይፈነዳ ጣይው» ትለኛለች። ዳክዬ አራት ሳምንት እንደሚፈልግ አንብቤያለሁ፤ ግን ማንበብና ማየት አንድ አይደለም። ዶሮዋ ለመብላት ስትነሳ ጠብቄ፣ አንዱን ዕንቁላል በስልኬ መብራት አየሁት። ውስጡ ጥቁር ነገር ሞልቶታል። ገምቶ ይሆን? ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ጥቁሩ ነገር ተላወሰ። ከዚያ በኋላ እናቴ ስትናገር እየሰማሁ እንኳ፣ የዳክዬ ዕንቁላል እርጥበት ስለሚፈልግ ለብ ያለ ውሃ ዕንቁላሎቹ ላይ አርከፍክፌ እመለስ ነበር።

ቅርፊቱ መጀመሪያ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ። ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተችና ቀኑን ሙሉ ምንም የለም። እናቴ «ምስኪን፣ እንርዳው» አለች። ቶሎ ከተላጠ እንደሚደማ ስለማውቅ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ጎጆው አጠገብ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ጠዋት በዶሮዋ ክንፍ ሥር ቢጫ ጭንቅላቶች ብቅ ብቅ አሉ።

እዚህ ላይ ስለ እማማ ዘይነባ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚያው ሰሞን ሐዋሳ ያለችው ልጃቸው ወልዳ ነበር። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ምርጥ ቅቤ ይዘው የልጅ ልጃቸውን ሊቀቡ ሄዱ። «እነ ልጄ ሐኪም ከልክሏል ብለው ቅቤዬን ከነቅጠሉ መለሱልኝ» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩት። እየሳቁ ነበር የሚያወሩት። ጣቶቻቸው ግን የሻሻቸውን ጫፍ ይጠቀልሉና ይፈቱ ነበር።

የዳክዬዎቹን መፈልፈል የሰሙት እኔ ለጫጩቶቹ መኖ ልገዛ በወጣሁበት ሰዓት ነው። ስመለስ በረንዳችን ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል። ቀሚሳቸው ላይ የተደረደሩት ጫጩቶች ያብረቀርቃሉ።

«ማሻአላህ! ልጆችሽን ቀባኋቸው» አሉኝ። «ቢስሚላህ ብዬ፣ አንድም ሳላስቀር! ከአናት እስከ ጅራት!»

ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼ አላውቅም። እናቴም «እሰይ፣ እደጉ» ትላለች። ላባው ደርቆ ለስለስ ካላለ አያሞቃቸውም፤ ይህን አውቃለሁ። በረንዳው ላይ ከውሃ ርቀው ከቆዩ ምንም አይሆኑም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ብዙም ሳይቆይ ዝናብ ወረደ። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ግቢው ውስጥ ኩሬ ሠራ። የዶሮ ጫጩት ቢሆን ኖሮ ወደ እናቱ ይሮጥ ነበር። እነዚህ ግን ከእማማ ዘይነባ ጭን ዘለው፣ ተንከባልለው፣ ቀጥ ብለው ኩሬው ውስጥ ገቡ። ዶሮዋ ዳር ቆማ ትጮሃለች። ሳቅን። እማማ ዘይነባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

መጀመሪያ የወጣው ጫጩት ሲራመድ ሳቄ ቆመ። ላባው ተጣብቆ ሮዝ ቆዳው ይታያል። ተንቀጠቀጠ፤ እግሩ ከዳው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ጫጩት ላሞቅበት ካርቶን ውስጥ አምፖል ሰቅዬ ነበር፤ መብራት ግን ከጠዋት ጀምሮ የለም። ዶሮዋ ልታቅፋቸው ሞከረች፤ እርጥቡ ሲነካት ተነሳች።

ከኩሬው ሰብስቤያቸው ወደ ማድቤት ሮጥኩ። ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ነበረን፤ ሳፋ ውስጥ ገልብጬ በቀዝቃዛ አለዘብኩት። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናውን ሳነሳ እማማ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

መዳፌ ላይ ያለው ጫጩት ዓይኑን እየከደነ ነበር።

«እማማ፣ ቅቤው... መታጠብ አለበት።»

«ምን?»

«ላባቸውን አጣብቆታል። ብርዱ ቆዳቸው ገብቷል። ካላጠብኩት ይሞታሉ።»

«ትዕግሥት!» አለች እናቴ፣ ቤት ውስጥ ነውር ሲሠራ በምትጮኽበት ድምፅ።

እማማ ዘይነባ በቅቤ የወዛ እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ሳሙናውን አዩ። «አንቺም ልታጥቢው?» አሉኝ በቀስታ።

«አንቺም» የሚለው ነው የከበደኝ። «አዎ እማማ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሻሻቸውን አናታቸው ላይ ሳብ አድርገው ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

«ምን አደረግሽ?» አለች እናቴ። «የሴትዮዋን ቁስል እያወቅሽ!» እጄ ሥራ ጀምሮ ነበር። እያጠብኩ እንባዬ ሳፋው ውስጥ ይወርዳል፤ አንዱን በጨርቅ ሳደርቅ ሌላው ይቀዘቅዛል። እንዲህ ከቀጠልኩ ለሁሉም እንደማልደርስ ገባኝ።

የግቢው በር ተንኳኳ። እማማ ዘይነባ ፍም የሞላ የከሰል ምድጃ ተሸክመው ገቡ። ዝናብ እንዳያጠፋው በትሪ ከልለውታል፤ ራሳቸው ግን ከአናት እስከ እግር በስብሰዋል።

«ቆመሽ ምን ታዪኛለሽ?» አሉኝ ምድጃውን እያስቀመጡ። «መጀመሪያ ለእጄ ውሃ አፍስሺልኝ። ሳሙናውንም ወዲህ በይ።»

አፈሰስኩላቸው። ጣት በጣት፣ እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ከዚያ እኔ ሳጥብ እሳቸው ያደርቃሉ፤ እናቴ ጨርቅ ምድጃው ላይ እያሞቀች ታቀብላለች።

«ቅቤ ነጋዴ ቅቤ ስታጥብ ገበያ ቢሰማ» አሉ እማማ ዘይነባ ትንሽ ቆይተው፣ «ሚዛኔን ሽጬ ቤቴ መግባት ነው!» እናቴ እየፈራች ሳቀች። እኔ ገና መሳቅ አልቻልኩም።

አንደኛው መዳፌ ላይ ሞተ። የቀሩት ቀስ በቀስ ደረቁ፤ ላባቸው እንደገና እንደ ጥጥ ተነፋ። እማማ ዘይነባ የሞተውን ተቀበሉኝና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው እንሰቱ ሥር ቀበሩት። ሲመለሱ ያሉት ነገር ቢኖር «ሌላ ጊዜ ቶሎ ተናገሪ። አፍ አለሽ አይደል?» ብቻ ነው።

ዳክዬዎቹ ትልልቅ ላባ ሲያወጡ አንድ ጠዋት እማማ ዘይነባን ጠራኋቸው። አንዱ ዳክዬ አንገቱን ጠምዝዞ፣ ምንቃሩን ጅራቱ ሥር ካለው እጢ እያስነካ ደረቱንና ክንፉን ያብሳል።

«ምንድን ነው የሚያደርገው?»

«የራሱ ቅባት አለው፣ እማማ። ከዚያ እየወሰደ ይቀባል። ውሃ የማያስገባው እሱ ነው።»

ቁጭ ብለው አዩት። ረጅም ሰዓት አዩት። «ራሱን ቀባ!» አሉ በመጨረሻ። «ወላሂ፣ እንደኔ እንኳ አላበዛውም።» ከዚያ ዝናብ ወዲህ እንደገና ከልባቸው ሲስቁ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ወደ ሐዋሳ ሄዱ። ቅቤ አልያዙም። ሲመለሱ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው የተነሱትን ፎቶ በሹፌር ልጃቸው ስልክ አሳዩኝ።

ዛሬ እኔም ሥራ ይዣለሁ፤ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት እቆማለሁ። ዓይን አፋርነቴ ግን የትም አልሄደም። የመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን ከማንሳቴ በፊት የሚቀየሙኝን ሰዎች ፊት አስቀድሜ አያለሁ። አንዳንዴ እውነትም ይቀየማሉ። ግን ከዚያ ፊት ቀጥሎ አሁን ሌላም ይታየኛል፦ በዝናብ ውስጥ ፍም ተሸክማ የምትመለስ ሴት።