ያልተለቀቀው ሽቦ

ነኢማ ከሚሴ ውስጥ፣ በእናቷ ወንድም በሐጂ ቃሲም ሱቅ ጓዳ፣ ከጨፋ እርሻዎች የሚመጡ የተቃጠሉ የውሃ መሳቢያ ሞተሮችን ሽቦ እንደ አዲስ ትጠቀልል ነበር። በትርፍ ጊዜዋ ግን የቴስላ ጥቅል የሚባለውን፣ አምፖል ከሽቦ ጋር ሳይገናኝ የሚያበራ መሣሪያ ትሠራ ነበር።

«ሽቦ ተዘርግቶልንም መብራት አጥተናል፤ አንቺ ያለ ሽቦ ልታበሪ?» እያሉ ሐጂ ደንበኛ ያስቁባታል። የመጀመሪያው ጥቅል በነደደ ዕለት ግን ቀልዱን ትተው፣ «ሁለተኛውም ከነደደ ሞተሩንም ትተሽ ባንኮኒ ላይ ደንበኛ ስታስተናግጂ ትውያለሽ» ሲሉ ቆረጡ።

የነደደበትን ምክንያት ነኢማ ታውቀዋለች። የሞተር ሽቦ ቢደራረብ ግድ የለም፤ የዚህኛው ጥቅል ዙር ሁሉ ግን ጎን ለጎን ተኝቶ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይወጣ ማለቅ አለበት። ያን ጊዜ ሐጂ ደንበኛ አስተናግጂ ብለው ሲጠሯት ጫፉን በፕላስተር አጣብቃ ሄደች፤ ሽቦው ላላ፤ ተመልሳ ስትቀጥል ዙሩ ተደራረበ፤ የነደደውም እዚያው ላይ ነው። የያዘውን ሥራ ለጠራው ሁሉ የሚለቅ ሰው ሁለት ሥራ ያበላሻል።

ስለዚህ በሁለተኛው ጊዜ፣ በደንብ የደረቀውን የፕላስቲክ ቱቦ ቫርኒሽ ቀብታ፣ ቀጭኑን የመዳብ ሽቦ በጣቶቿ ወጥራ መጠቅለል ጀመረች። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከሱቁ የሐጂ ድምፅ መጣ።

«ነኢማ፣ ኮቱ። ሰው ቆሟል።»

«አልመጣም።»

«ምን አልሽ?»

«ሽቦውን አልለቅም አልኩ። ለቅቄ አይቼዋለሁ።»

ሐጂ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። «የዐስር ሶላት ሊያልፍሽ ነው። እሱንም ለዚህ ቱቦ ልትተይው?»

«አልተወውም። እስክሰግድ አንቱ ይያዙልኝ።»

«እኔ?»

«አንቱ። ከላላ በእጅዎ ነው የሚላላው።»

ሐጂ እያጉረመረሙ ያዙ። ነኢማ ሰግዳ ስትነሣ፣ ደንበኛው «ሐጂ፣ ኧረ የት ገቡ?» ሲል፣ እሳቸውም «ቆይ፣ እጄ ተይዟል» ሲሉ ሰማች።

ጥቅሉን ጨርሳ፣ እያንዳንዱ ሽፋን እስኪደርቅ እየታገሠች ደጋግማ ቫርኒሽ ቀባችው። በወፍራም ሽቦ ከተሠራው የታችኛው ጥቅል በላይ አቁማ ኤሌክትሪኩን በለቀቀች ጊዜ፣ ማዶ ወንበር ላይ የተጋደመው የፍሎረሰንት አምፖል ቦግ አለ።

«ሽቦውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ፣ ብርሃኑን ለማየት ለተሰበሰበው ሰው።

«የያዙት እስክሰግድ ነው» አለች ነኢማ። «አሁን ለባንኮኒው ሌላ ሰው ይፈልጉ።»