የባል ምስክርነት

ልብስ ሰፊዋ በሰፈሩ የምትታወቀው በዝምታዋ ነው። ቀኑን ሙሉ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ስለምትውል ጎረቤቶቿ «አፈ ስፉ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ዝም አይነቅዝም ብላ ሥራዋን ትሠራለች። ሚስቱ የሞተችበትን ሰው አግብታ፣ ልጁን እንደ ልጇ አሳድጋ ድራለች። በሃያ ዓመት ውስጥ ግን ባሏ አንድ ቀን እንኳ «አንቺ እንዲህ ያለሽ ሴት ነሽ» ብሏት አያውቅም። ይህ ያንገበግባት ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው እንጂ።

በዚህ መሃል ስለ ሰው ጠባይ የምታጠና ወጣት ተመራማሪ ወደ ሰፈሩ መጣች።

«እስከ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ እየጠየቅን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ስንል ኖረናል» አለች። «አሁን እንደ እናንተ ያለውን ሰው ልንጠይቅ ነው። ሰው ስለ ራሱ የሚለው ብቻውን ስለማይታመን፣ ቀርቦ የሚያውቃችሁንም ይዛችሁ ኑ።»

ሰፊዋ ባሏን ይዛ ሄደች። ጥናቱ ሰበብ ነው፤ የጓጓችው እሱ ስለ እሷ የሚለውን ለመስማት ነበር።

የራሷን ጥያቄ መልሳ ስትወጣ እሱ ገባ። ክፍሉ የተከፈለው በስስ ጣውላ ስለሆነ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማታል።

«ባለቤትዎ ጨዋታ ይወዳሉ?» አለችው ተመራማሪዋ።

«ኧረ እሷ! እንግዳ ካልመጣ እህል አይወርድላትም።»

ሰፊዋ ፈገግ አለች፤ እያጋነነላት መሰላት።

«ሲናደዱስ?»

«ወዲያው ትጮሃለች፣ ወዲያው ትስቃለች። ሥራ ከያዘች መዝፈን አለባት። ነጎድጓድ ከሰማች ደግሞ እጄን ይዛ አትለቅም።»

ፈገግታዋ ደረቀ። እሷ ዘፍና አታውቅም፤ ነጎድጓድም አትፈራም። ማን ትዘፍን፣ ማን ትፈራ እንደነበር ከእንጀራ ልጇ ስንቴ ሰምታለች። የሰውዬው ድምፅ እንዲህ ሲለሰልስ ግን መስማቷ ገና ዛሬ ነው። ሃያ ዓመት አብሮ መብላት ማወቅ ከሆነ ሳህኑም ያውቃታል።

«የእርስዎና የባለቤትዎ መልስ በጣም ተራራቀ» አለቻት ተመራማሪዋ። «አይዘኑ፣ ያለ ነው። ሰው ራሱን አያውቅም። ወደ ፊት የቅርብ ሰውን ቃል ነው ይበልጥ የምናምነው።»

«እመኚው ልጄ፣ አልዋሸም» አለች ሰፊዋ።

በመንገድ ላይ ባሏ ደስ ብሎት «ጥሩ ጥሩውን ነው የተናገርኩልሽ» አላት። ቤታቸው በር ሲደርሱ ነው የተናገረችው።

«ስትዘፍን ድምጿ ያምር ነበር?»

«በጣም እንጂ!» አለ ሳያስበው። ከዚያ ክው ብሎ ቀረ።

«ነፍሷን ይማር» አለችውና በሩን ከፍታ ቀድማው ገባች።