የአዴ ድንቄ ጠማማ መስመር

ባለፈው ወር ለዘመድ ሰርግ ነቀምቴ ገብቼ፣ ሚዜ የምትሆነውን ልጄን ሹሩባ ላሠራት አንድ ፀጉር ቤት ጎራ አልን። ሠራተኛዋ የጠርሙሱን ክዳን ስትከፍት የጉሎ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ወንበሩ የሚሽከረከር፣ ግድግዳው መስታወት በመስታወት ነው፤ ሽታው ግን የአዴ ድንቄ በረንዳ ሽታ ነው። ሳላስበው ሳቄ መጣ።

አዴ ድንቄ በነቀምቴው በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ውስጥ አጥር ለአጥር የምንኖር ጎረቤታችን፣ የሰፈሩ ሹሩባ ሠሪ ነበረች፤ «አዴ» በኦሮምኛ እትዬ እንደ ማለት ነው። በረንዳዋ ላይ ሰሌን ይነጠፋል። ጥግ ላይ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ቴፕ የሰርግ ዘፈን ታንቆረቁራለች፣ ዘይቱ በቆርቆሮ ሆኖ ፀሐይ ላይ ይሞቃል። እሷ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ አንዷን ልጅ በጉልበቶቿ መሐል አስገብታ በወስፌ ፀጉሯን ትከፍላለች። እጇ ልስልስ፣ ወሬዋ ጣፋጭ፣ ሳቋ እስከ ዋናው መንገድ የሚሰማ ሴት ነበረች። ከእናቴ ቀጥሎ የምወደው ሰው ማን እንደሆነ ብጠየቅ አላመነታም ነበር።

ታዲያ አንድ ነገር ነበረባት። የፀጉሩ መስመር ቀጥ ካላለ አትለቅም። ጎንጉና ትጨርስና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታያለች፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ትጎነጉናለች። ጠዋት የገባች ልጅ፣ በቆሎ ተጠብሶ ተበልቶ፣ ዝናቡ መጥቶ ሄዶ፣ ከብት ሲገባ ነበር የምትወጣው። በመጨረሻ «ወልቂጣዳ?» ትላለች፤ እኩል ነው ወይ ማለቷ ነው። ሰሌኑ ላይ ያለን ሁሉ በአንድ ድምፅ «ወልቂጣዳ!» እንላለን። ፊቷ ለአፍታ ይፈታል፣ ከዚያ ደግሞ ትጠይቃለች። እኛ ልጆች ጨዋታ አድርገነው ነበር። መንገደኛው ሳይቀር ከአጥር ውጭ ሆኖ፣ ፀጉሩን ሳያይ ይመልስላት ነበር። ሰፈሩም «የእጇ ጥራት!» እያለ ያደንቃታል።

እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ በድርቁ ጊዜ በልጅነቷ እዚሁ ወለጋ፣ ኪራሙ ሰፍራ፣ ትዳር ይዛ ነቀምቴ የገባች። አዴ ድንቄ በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ እናቴ በአማርኛ ትቀበላለች፣ መሐል ላይ ተገናኝተው ይስቃሉ። አንድ ቀን እናቴ እኔን ልትወስድ መጥታ፣ ፀጉሬ ለስንተኛ ጊዜ ሲፈታ አየችና፣

«ድንቄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ የልጄን ራስ መላጣ ልታደርጊው ነው?» አለቻት።

የአዴ ድንቄ እጅ ፀጉሬ ውስጥ ቆመ።

«መስመሩ ጠመም ካለ ልጅቷን መኪና ሲገጫት ይታየኛል» አለች በቀስታ። «ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። እጄ ግን እሺ አይለኝም።»

ለካ ነገሩ የጥራት አልነበረም! በጉልበቶቿ መሐል የተቀመጠችውን ልጅ ሁሉ ከሞት ለማዳን ነበር ስትለፋ የምትውለው። እኛም ከዚያን ቀን ወዲህ አዝነንላት፣ «ወልቂጣዳ!» ስንል ይበልጥ ጮህንላት።

እንዲህ እያለን ታናሽ እህቷ ለሊሴ ቢላ ከምትባል ከተማ የሆነ ልጅ ልታገባ ሆነ። እናታቸው ስትሞት አዴ ድንቄ ናት ያሳደገቻት። ሌላ ሹሩባ ሠሪ ልትጠራላት ብትል ለሊሴ «ያሳደገኝ እጅ ካልሠራኝ፣ ሻሽ አስሬ ነው የምወጣው» ብላ ድርቅ አለች። አዴ ድንቄ አለቀሰች። «ያንቺን ፀጉር ከጀመርኩት አልጨርሰውም፤ ሙሽራው መጥቶ ሜዳ ላይ ይቀራል።» የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጸለዩላት። እናቴም «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ብላ እጇን ይዛ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ።

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያገኘነው ነርስ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሕመሙ የታወቀ ነው፣ እርግማንም የእምነት ጉድለትም አይደለም አላት። ክፉው ሐሳብ ሳይጠራ ይመጣል፤ መስመሩን ስታስተካክል ትንሽ ይተዋታል፤ ጠግቦ የሄደ እንግዳ ግን በማግስቱ ይመለሳል። መድኃኒት አለው፣ ልምምድም አለው፤ ልምምዱ መስመሩን ሆን ብሎ አጥምሞ መተው፣ ፍርሃቱ ራሱ እስኪደክም መታገሥ ነው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ።

«እናንተ ደግሞ እኩል ነው እያላችሁ እንግዳውን አትቀልቡት። ስትጠይቃችሁ እንጃ በሏት።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደግነት መስሎን ነበራ።

መለማመጃ ራስ ሲፈለግ የተገኘው የእኔ ነው። ከግራ ጆሮዬ በላይ ወደ ዲዴሳ ወንዝ እንደሚወርደው መንገድ የተጠማዘዘ መስመር ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ እኔ ግን የአዴ ድንቄ መድኃኒት ነኝ ብዬ ተንጠባረርኩባቸው። ስመለስ የአጥሩ በር ላይ በላብ ተጠምቃ ቆማ ነበር። አንስታ አቀፈችኝ። ነርሱ ይህን ሲሰማ «በር ላይ መጠበቁም ያው ነው» ብሎ ከለከላት። ከዚያ በኋላ እስክመለስ ቤቷ ሆና ትዘፍን ጀመር። እግዜር ይይላት፣ ድምፅ የሚባል አልፈጠረባትም፤ ሰፈሩ ቻለው። ክረምቱ ሲወጣ ዘፈኑ እያጠረ፣ ሳቁ እየረዘመ መጣ።

የሰርጉ ዕለት በረንዳው በሴት ተሞላ። አዴ ድንቄ የለሊሴን ፀጉር ከፍላ፣ ጎንጉና፣ መጨረሻ ላይ ከግራ ጆሮዋ በላይ ያለችው መስመር ጠመመችባት። ይህኛው ልምምድ አልነበረም። ወስፌውን እንደያዘች ቀረች። የአጃቢዎቹ መኪና ጡሩምባ ከታች ተሰማ።

«ወልቂጣዳ?» አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ።

እናቴ «ወልቂጣዳ!» እንዳያመልጣት የሻሿን ጫፍ ነከሰች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመለሰችላት ለሊሴ ናት፤ አንገቷን እንኳ ሳታዞር።

«እንጃ፣ ድንቄ ኮ፣ ድንቄዬ። መኪናው መጥቷል፣ አንሺኝ።»

አዴ ድንቄ ወስፌውን ዱካው ላይ አስቀምጣ እህቷን በሁለት እጇ አነሣቻት። በረንዳው በእልልታ ተናጋ። ቢላ እስክንደርስ መኪና ውስጥ ስትዘፍን ነበር፤ ያን ቀን ማንም ቻልኩት አላለም፣ ሁላችንም ተቀበልናት።

ሕመሙ ፈጽሞ አልጠፋም። ክፉ ቀን ሲመጣ «እንግዳዬ መጣ» ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች። በኋላ የለሊሴን ልጆች ልታሳድግ ቢላ ሄደች፤ አሁንም እዚያው ናት፤ አርጅታለች፣ ሹሩባውን ትታለች።

የፀጉር ቤቷ ሠራተኛ የልጄን ፀጉር ቀጥ አድርጋ ስትከፍል ቆይታ፣ ከግራ ጆሮዋ በላይ ስትደርስ መስመሩን ጠመም አደረገችው።

«ጠመመብሽ እኮ» አልኳት።

«ኧረ አልጠመመብኝም! የሙሽራና የሚዜ ሹሩባ እዚህ እንዲህ ነው» አለች። «ይቺ ከሌለች ሰርግ አይመስልም።»

«ማን ጀመረው?»

«ማን ያውቃል፣ እኛም ሲሠራ አይተን ነው።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ግን እየሳቅኩ ነበር። ልጄ መስታወቱ ውስጥ ራሷን ግራና ቀኝ አየችና «እማ፣ እኩል ነው?» አለችኝ።

«እንጃ ልጄ» አልኳት። «ተነሺ፣ ሰርጉ እንዳያመልጠን።»