ስሙን ጮክ ብለው የጠሩለት ነጋዴ

በዚያ ሰሞን ለሬዲዮ ፕሮግራማችን የአንድ የድሮ ካናዳዊ ታሪክ እያዘጋጀሁ ነበር። አገሩ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች ወንዝ ዳር በከፈታት ትንሽ ሱቅ ጀምሮ እንጨት ነጋዴ፣ ቀጥሎም የመርከብ ባለቤት ሆነ፤ በመጨረሻ ምክር ቤት ገባ። ታሪኩን ቀድሜ የነገርኩት እዚህ በስደት በምንኖርበት አገር፣ ቡፎርድ ሃይዌይ በሚባለው ጎዳና ላይ ቅመም ለሚሸጥ የወሎ ልጅ ነው። እሱም ነጋዴ ነው፤ እሱም ለሚኖርባት ለታከር ከተማ ምክር ቤት ይወዳደር ነበር።

«እንዴት ነበር የሚመረጠው?» አለኝ በርበሬ እየመዘነ።

«መራጩ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። ነጋዴው እዚያው ቁጭ ብሎ ይሰማል። የትኛው ደንበኛ ደፍሮ ሌላ ሰው ይጠራል?»

«ወይ ዘመን!» ብሎ ሳቀ።

«ድምፅ በምስጢር መሰጠት ሲጀምር ግን ወደቀ። የጣሉት እነዚያው ደንበኞቹ ናቸው።»

ሳቁ ቆመ። እሱንም ሱቁ የገባ ሁሉ «አንተን ካልመረጥን ማንን!» ይለው ነበር። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር በሆነበት ያደግን ሰዎች ነን፤ እሱ ግን ሁሉንም አምኖ በር ማንኳኳት ትቶ ነበር።

«የኔዎቹም እንደዚያ ናቸው?»

«የማላውቀውን አልናገርም» አልኩት።

ከማግስቱ ጀምሮ «ምረጡኝ» ማለቱን ትቶ፣ ቤት ለቤት እየዞረ «ምን ቸገራችሁ?» ይል ጀመር። መቅረፀ ድምፄን ይዤ ተከተልኩት። ኮሌጅ ፓርክ በሚባል ሰፈር ሆቴል ውስጥ የሚሠሩ አንዲት እናት በራቸው ላይ አቆሙት።

«እውነቱን ልንገርህ ልጄ? የምመርጠው ሌላውን ነው። አውቶቡስ መቆሚያችን ጣሪያ የለውም። በዝናብ ስበሰብስ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

«አላህ ይስጥልኝ፣ እማማ!» አለ ፊቱ በርቶ። «እስካሁን እውነቱን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት!»

በማግስቱ ጠዋት ዘነበ። ጃንጥላ ሳይዝ መቆሚያው ላይ አብሯቸው ሲበሰብስ አገኘሁት።

የምርጫው ዕለት ምሽት ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አፍጥጦ ሳለ እማማ ገቡ፤ ኮታቸው ላይ ድምፅ ለሰጠ ሁሉ የሚታደለውን፣ የኮክ ፍሬ ሥዕል ያለበትን ስቲከር ለጥፈዋል።

«ማንን መረጡ?» አለ አንዱ ሹፌር።

«ምን አገባህ!»

«እንዳይነግሩኝ፣ እማማ!» ብሎ እጩው ጆሮውን ያዘ።

ወዲያው ውጤቱ መጣ። አሸነፈ! ሱቁ በእልልታ ተናወጠ። በሥራ ላይ አጨብጭቤ የማላውቀው እኔ ያን ምሽት የቀዳሁትን ስሰማ፣ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው የራሴ ድምፅ ነው።

እማማ ጫጫታው እስኪበርድ ጠብቀው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«እንኳን ደስ አለህ። ነገም ዝናብ ነው ብለዋል።»